አጀንዳዎቼንና የደረጃውን ወንበር ስለ ማውረስ

እኔ የቤት ዕቃ ሠሪው፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ (ልጆቼ ሞክረው አልሆነላቸውም)፣ የዘንድሮው አጀንዳዬ ሐሙስ በሚለው ገጽ ላይ «ከሰዓት በኋላ፦ ኑዛዜ» ብዬ በያዝኩት ቀጠሮ መሠረት፣ በገዛ ሳሎኔ ተቀምጬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ቃሌን የሚጽፉልኝ ጡረታ የወጡ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ እንዲጽፉ አዝዣለሁ፤ ነገ «እኔ አላልኩም» የሚል እንዳይነሣ።

አንደኛ። ቤቱ፣ ላዩም ታቹም፣ የባለቤቴ ነው። «ይሸጥ» የሚል ቢኖር አስቀድሞ ከእርሷ ጋር ይነጋገር። ከዚያ በኋላ የሚናገርበት አፍ ከተረፈው ያን ጊዜ እናያለን።

ሁለተኛ። ለበኩር ልጄ ትልቁን የጽሕፈት ጠረጴዛዬን ሰጥቻለሁ። ይህ ልጅ «አባዬ፣ በዚህ ዘመን ወረቀት? ሁሉንም ስልክህ ላይ ያዘው» ብሎኝ ነበር። ታዘዝኩት። ስልኩ የፈላ የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ ውስጥ ወደቀ፤ በዕድሜዬ ካጣበቅሁት ሁሉ እንደ እርሱ የጸና የለም። ሆኖም ወደ ወረቀቴ የመለሰኝ እርሱ ነውና አመሰግነዋለሁ።

ሦስተኛ። ወርክሾፑን ከነመጋዙና ከነመላጊያው፣ አጀንዳዎቼንም በሙሉ፣ ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። የአያያዙ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ሃሳብ በመጣ ሰዓት፣ በመጣበት ቀን ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ቂል ቢመስልም ይጻፍ። ቅዳሜ ከሥራ መልስ ሳምንቱ ይነበብ፤ ያልተሠራው ወደሚመጣው ሳምንት በእጅ ይገልበጥ። እጄ ለመገልበጥ የሰነፈችበትን ሃሳብ ያለ ለቅሶ ቀብሬዋለሁ። የተገለበጠው ግን በየሳምንቱ እግር፣ ጀርባ፣ ማጠፊያ እያወጣ ዕቃ ሆኗል። የበላነው እንጀራ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህም እዚህ በምስክርነት የተቀመጡትን የጽሕፈት መሣሪያ ሻጯን አመሰግናለሁ። ዓመት ሊገባ ሲል ገጹ ሰፊ የሆነውን አጀንዳ ደብቀው ያቆዩልኝ ነበር፤ «ሳይጨርሱት እንዳይሞቱብኝ፣ መልሼ አልረከብም» እያሉ።

ሁለተኛውን ምስክር፣ ቀጠሮ ሁሉ ስለሚያሳልፍ ሰፈሩ «አቶ ይደርሳል» የሚለውን የማዶ አናጺም አመሰግናለሁ። አጀንዳዬን ክፍት ባገኘ ጊዜ የታጣፊ ጠረጴዛዬን ሃሳብ ወስዶ ከእኔ ቀድሞ ሠራው። ጠረጴዛው በሠርግ መሐል ከነሾርባው ተጣጠፈ። እኔም ማጠፊያው የት መግባት እንደሌለበት ያለ ምንም ድካም ተማርኩ።

«ወንድሜ፣ እሱን ጉድ ዛሬም ታነሣዋለህ?» አለ አቶ ይደርሳል።

«ዝም በል፣ እያመሰገንኩህ ነው!»

አራተኛ። የባለቤቴ ጉልበት ከታመመ ወዲህ፣ ወደ መኝታ ቤታችን ተቀምጣ የምትወጣበትን የደረጃ ወንበር አስቤ ጽፌአለሁ። ከአጀንዳ ወደ አጀንዳ ስገለብጠው ኖሬ፣ የደረጃው ኩርባ አሸነፈኝ። ያልተወኝም ያልተሠራልኝም ይህ ብቻ ነው። ሐኪሜ ጊዜዬ አጭር መሆኑን ነግሮኛል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሞቱ አይደለም፣ እርሷ ያንን ደረጃ ብቻዋን መውጣቷ ነው። ስለዚህ ሴት ልጄ አጀንዳዎቹን የምትወርሰው፣ ወንበሩ እስኪሠራ ይህን ሃሳብ በየቅዳሜው ከገለበጠች ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ያ ኩርባ እኮ አይሆንም። ደረጃው መፍረስ አለበት» አለች ልጄ።

«ሊፍት እናስገባ» አለ ወንድሟ።

«ሆቴል መሰለህ እንዴ?» አልኩት።

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል፣ «አልጋውን ወደ ታች ብታወርዱትስ?» አለች።

ጸሐፊው ይህንንም ይጻፉልኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርሽ?» አልኳት።

«እዚሁ ነበርኩ። ሜትርህን ይዘህ በመጣህ ቁጥር ክንዴን ደግፈህ ታወጣኛለህ፤ ‹ይህቺ እርከን ታስቸግርሻለች? ይህቺስ?› ትለኛለህ። ወንበሩ ቢሠራ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ!»

አራተኛው አንቀጽ ተሰርዟል። ሴት ልጄ አጀንዳዎቹን ያለ ምንም ግዴታ ትውረስ። በአጀንዳዬ የሐሙስ ገጽ ላይ፣ «ኑዛዜ» ከሚለው በላይ፣ «አልጋ ይውረድ» ብዬ በእጄ ጽፌአለሁ። ይህ ወደሚመጣው ሳምንት አይገለበጥም። ኑዛዜውም አልጋው እስኪወርድ ይቆይ።

አምስተኛ፣ አልጋው ከወረደ በኋላ የተጨመረ። ከሳሎን እስከ አልጋዋ ድረስ እስካለሁ ክንዷን የምይዘው እኔ ነኝ። ከእኔ በኋላ ልጆቼ በተራ ይያዟት፤ «ይህቺ ታስቸግርሻለች? ይህቺስ?» እያሉም ይጠይቋት። ወለሉ ደልዳላ ነው ብሎ ማመካኘት ክልክል ነው።

ምስክሮቹ የፈረሙት አልጋ ተሸክመው ወርደው ትንፋሻቸው ሳይመለስ ስለሆነ፣ የፊርማቸው መጣመም ለክርክር ምክንያት አይሆንም።

ተናዛዥ፦ የቤት ዕቃ ሠሪው (ፊርማ)
ምስክር፦ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጯ (ፊርማ)
ምስክር፦ አቶ ይደርሳል፣ ለአንድ ቀን በሰዓቱ የደረሰ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ የሰሙትን ሁሉ የጻፉት (ፊርማ)

በኅዳጉ ላይ፣ በሚስቱ እጅ፦ «አንብቤዋለሁ። ትራሴ ግን ላይኛው ፎቅ ቀርቷል፤ ክንድህን ስጠኝ።»