ብርቱካንን ያስቀመጥኩበት ዓመት

እንጅባራ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018

ከጥሊሊ ከመጣው ድንች ጠዋት ሦስት ኩንታል ተሸጠ፤ አንድ ቀርቷል።

ባጃጁ ስለተበላሸ ታናሽ እህቴ ብርቱካን ከቤት እስከ ሱቄ በእግሯ መጣች። ያቺን ትንሽ ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ስታለከልክ አየኋት። የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ ነርሷ «በየቀኑ ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ ጉልበትሽ የሚመለሰው በዚያ ነው» ብላት ነበር። እኔ ግን እንደ አራስ አስቀመጥኳት። ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩላት፤ የውሃ ጀሪካን እንኳ እንዳታነሳ ከለከልኩ። ድካሙ የበሽታው ይመስለኝ ነበር።

ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿ ሲመለስ ሳቀችብኝ።

«እታለም፣ ድንቹን በኮንትራት የምታመላልሽው ልትሸጪው ነው። እኔን ለማን ልትሸጪኝ ነው?»

«ደከመኝ ስትይኝ እኮ ነው» አልኳት።

«ያደከመኝማ መቀመጡ ነው።»

በሌላው ነገር ሁሉ ሰው ሲመክረኝ ደግሜ እጠይቃለሁ፤ የነርሷን ቃል ግን ለእህቴ ሳስብ ጣልኩት። ያለፈውን ዓመት ከየት አምጥቼ እሰጣታለሁ?

ነገ ጠዋት ባለባጃጁን ማሰናበት። ከዚያ ሁለት ጥንድ ሸራ ጫማ መግዛት፤ የእሷ 37፣ የእኔ 39።