አንድ ትርፍ ድንች

ዶናልዬ፣ የኔ ዓለም፣

አንተን ወደ መቃብር ከሸኘን ወዲህ የሁለተኛው ዓመት በረዶ ሰፈራችን አቢዴል ላይ እየወረደ ነው። ደጁን አሁን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ እንደ አንተ ቀጥ አድርጌ መጥረጉ ግን እስካሁን አልሆነልኝም። የፉትሂልሱን የመጋዘን ሥራም ትቻለሁ። “ሺፍት አለኝ” እያልኩ አገርህን አብሬህ ሳላይ የቀረሁበት ሥራ፣ ይኸው እኔ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ አልተጓደለም።

በመስከረም ብቻዬን አየርላንድ፣ መንደርህ ሄጄ ነበር። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሱቅ፣ ሁለት መጠጥ ቤት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያወራህልኝ ይህችን ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ።

እህትህ ኖራ ከቤታችሁ ጀርባ ያለውን ተዳፋት አሳየችኝ። ከሳሩ ሥር መሬቱ መስመር መስመር ሠርቶ ጎበጥ ጎበጥ ብሏል። የድንች መደብ ነው አለችኝ፤ በቅድመ አያቶቻችሁ ዘመን፣ በታላቁ ረሃብ ጊዜ፣ ድንቹ እዚያው በሰበሰ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም። ያኔ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ደጃችሁ ቆመች። ድስቱ ባዶ ነበርና የቤቱ ሰዎች አፍረው በሩን ዘጉባት። በማግስቱ እናትና ልጅ ከድንጋይ ካቡ ሥር ሞተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በእናንተ ቤት ድንች ሲቀቀል ለመንገደኛ አንድ ይተርፋል አለችኝ።

አንተ እሑድ እሑድ ድንች ስትቀቅል አንዱን ድስቱ ውስጥ ትተወው ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ማን ሊበላው ነው እያልኩ እጥለው ነበር።

አንድ ጊዜ ልትነግረኝ ጀምረህ ነበር እኮ። ስለ መንደርህ ረሃብ ስታነሳ፣ እኔ የወሎ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜን ረሃብ የነጠቀኝ፣ “ለቀባሪው አረዱት!” ብዬ ሳቅሁብህ። ትርጉሙንም አስረዳሁህ። ፈገግ ብለህ ሳህን ማጠብህን ቀጠልክ፤ ዳግመኛም አላነሳኸው። ያ ፈገግታህ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። ሁለታችንም የቀባሪ ልጆች ነበርን፤ እኔ ግን ሐዘኑ የእኔ ብቻ መሰለኝ። ይቅር በለኝ፣ ሆዴ።

አሁን እሑድ ሲሆን አንድ ትርፍ እቀቅላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤታችን ከሺፍት ስትመለስ የበረዶ አካፋ ልትዋስ አንኳኳች። ምሳ አልበላሁም ስትለኝ ድንቹን በጨው ሰጠኋት፤ እንደቆመች በላችው። እስክትጨርስ ስለዚያች እናት ነገርኳት፤ የወንድሜንም ስም ጨመርኩ።

እስካለሁ ድረስ ድስቴ ያለ ትርፍ አይወርድም። አንተን ያላስጨረስኩህን ታሪክ፣ ደጄን ላንኳኳ ሁሉ እስከ መጨረሻው እነግራለሁ።

ያንተው ዘነበች