ወ/ሮ እታለም ደበላ፦ የአምስት ሴቶች ድርሻ ጠባቂ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ወረርሽኙ ገብቶ ኦስሎ ተዘጋች። ሆቴሎች ባዶ ሆኑ፤ አንሶላ የሚቀይሩና ወለል የሚወለውሉ ሁሉ ቤት ዋሉ። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ ለቅሶ መድረስም ቀረ። በዚያው ሰሞን የአክሲዮን ዋጋ ወደቀ። ወ/ሮ እታለም ደበላ ከዚያ ወር ወዲህ ልባቸው አላረፈም።

ወ/ሮ እታለም፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሩፋኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ደበላ ጅማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሙሉነሽ ጎበና በ1957 ዓ.ም. በሰላሌ፣ ፍቼ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተማሩ። በሱዳን በኩል ተሰደው በ1983 ኦስሎ ገቡ። በ1986 አውቶቡስ ነጂ ከነበሩት ከአቶ አድነው ኃይለአብ ጋር ተጋብተው፣ በኦስሎ ሮምሶስ ሰፈር ቤት ይዘው፣ ኪሩቤልንና ፍቅርን ወለዱ። አቶ አድነው በ2006 ካረፉ በኋላ ልጆቻቸውን በሆቴል ጽዳት ደመወዝ ለብቻቸው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አበቁ።

የሴቶቹን ዕቁብ ለብዙ ዓመት በዳኝነት መሩ። የአንዲትም ሴት ዕጣ በእጃቸው አልዘገየም። በ2010 እሳቸውን ጨምሮ አምስት የዕቁቡ ሴቶች ገንዘባቸውን ፎንድ ሊያስገቡ ተማከሩ። ፎንድ የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛበት ነው። ምርጫው ለዳኛዋ ተተወ። ከቀረቡት ፎንዶች አንዱ በመቶ የኖርዌይ ክሮነር ያስገባል፤ ሌላው ከሃምሳ ሺህ በታች አይቀበልም።

ልጃቸው ኪሩቤል፣ «እማ፣ የመቶው ምን አለው? እንዲያውም ክፍያው ያንሳል። እያንዳንዳችሁ በየስማችሁ ግቡ» አላቸው።

«ኔይ፣ አይሆንም ልጄ። በመቶ ክሮነር ማንም ዘው ይላል። ማንም ዘው የሚልበት ዕቁብ ሲፈርስ አይተናል» አሉት።

መዋጮው የከበደ ዕቁብ ሰዎቹ የታመኑ ናቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት ይህን ነው። አምስቱም ዐሥር ዐሥር ሺህ አዋጥተው መነሻውን ሞሉ፤ ሁሉም በወ/ሮ እታለም ስም ገባ። የፎንዱ ደንብ ግን አንዷ ድርሻዋን አውጥታ ቀሪው ከመነሻው ከጎደለ፣ ሁሉም በዕለቱ ዋጋ ተሸጦ ይመለስ ይላል። ያን ጊዜ ይህን ልብ ያለ አልነበረም።

በዚያ ክፉ መጋቢት ከአምስቱ አንዷ፣ ወ/ሮ ናዝሬት፣ ከሊንደበርግ ሰፈር መጡ። ወንድማቸው ዮኤል አዲስ አበባ ኩላሊቱን ታሞ ለእጥበት የሚከፍለው አልቆበት ነበር። ከበሩ ራቅ ብለው ቆመው፣ «እትዬ እታለም፣ ድርሻዬን ስጪኝ» አሉ።

«ዛሬ ከወጣን የሌሎቹም ልፋት ሲሶው ቀልጦ ይሸጣል። እስከ ፋሲካ ታገሺኝ።»

«ፎንድሽ ይታገሥ ይሆናል። ወንድሜ ግን ጊዜ የለውም።»

ወ/ሮ እታለም ሥራ ፈትተው ነበር። በቤት የነበረውን ሰጡ፤ አልበቃም። ፎንዱን ግን አልነኩም። ዮኤል በሰሙነ ሕማማት ዐረፈ። ወ/ሮ እታለም ሊንደበርግ ሄደው ከፎቁ ሥር በዝናብ ቆመው አለቀሱ። ወ/ሮ ናዝሬት መጋረጃውን ዘጉ።

በዓመቱ ዋጋው አንሰራርቶ ገንዘቡ ከነትርፉ ወጣ። ሦስቱ ሴቶች ድርሻቸውን ወሰዱ። ወ/ሮ ናዝሬት፣ «የወንድሜ ዋጋ ቤቴ አይገባም» ብለው መለሱት። ሽማግሌ ተላከ፤ ደጋግሞ ተላከ፤ እሺ አላሉም። ያልታረቀ አይቆርብምና ወ/ሮ እታለም ከቁርባን ራቁ። ዳኝነቱንም አስረከቡ። ያን ድርሻ ለብቻው አስቀምጠው፣ የመብራት ሒሳብ ሰውን ሁሉ ባስጨነቀበት ክረምት ብርድ ልብስ ደርበው ተቀመጡ እንጂ እጃቸውን አልሰደዱበትም።

በ2017 የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሕክምናው አልያዘላቸውም። አልጋ ላይ ሳሉ ወ/ሮ ናዝሬት ማንም ሳይልክባቸው መጡ።

«ድርሻሽ አለ» አሉ ወ/ሮ እታለም፣ ገና በሩ ላይ ሲያዩዋቸው።

«ለሱ አይደለም የመጣሁት።»

«ለሱ ካልሆነ ተመለሺ። ሳትወስጂ ብሞት በየትኛው ፊቴ እቆማለሁ?»

ወ/ሮ ናዝሬት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ብዙ ተቀመጡ። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ላኪው» አሉ። ኪሩቤል እዚያው በስልኩ ላከ።

«ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል፣ እትዬ። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

በማግስቱ ካህን መጥተው ወ/ሮ እታለም ከዓመታት በኋላ ቆረቡ። ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጆቻቸው ኪሩቤልና ፍቅር፣ የልጅ ልጃቸው ምኞትም ከኋላቸው ቀርተዋል። እኅታቸው ወ/ሮ ናዝሬትም ቀርተዋል፤ ስማቸው በዚህ ቦታ፣ በዚህ ቃል እንዲጻፍ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።

አምላከ ሩፋኤል የወለተ ሩፋኤልን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ። ልጆቹን ያጽና። ዕዳቸው ተከፍሎ፣ ባለ ድርሻዋ ቆመው እየሸኟቸው ይሄዳሉ።