የአቦይ ዑቅባማርያም ሦስት ሳጥኖች

ለተከበሩ አቶ ይድነቃቸው፣
የመጽሔታችን የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅና የማይሳሳቱ ዳኛ፤
ጊጊሪ

ጤናዎ፣ መነጽርዎና መዝገበ ቃላትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ገጽ ስምንት ላይ የሰው ጓዳ የምፈትሸው አያልነሽ፣ ከሀፍረት በቀር ደኅና ነኝ። አንባቢዎቼም ይስሙኝ፦ የሰው ትዳር ስመክር የኖርኩት ሴት፣ ባለፈው ቅዳሜ የአንድ የታመሙ ሽማግሌ አፍ ዘጋሁ። ለዚህ የበቃሁት እርስዎን በማመኔ ነውና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ሬዲዮ ሰዎች ቋንቋ ያዘጋጁት ጨዋታ ድንቅ ነበር። ጎረቤቴ አቦይ ዑቅባማርያም አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ዓመት ከአብራሪዎች ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ግን እዚህ የስደት ሰፈራችን ኢምባካሲ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን አውሮፕላን ከማየት በቀር ለአራት ወር አንድ ቃል አልወጣቸውም። እንደ ቅዳሜ ልማዴ ጥያቄዎን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ትእዛዙን ሰምቻለሁ፣ እፈጽማለሁ፤ ሦስት ፊደል»። እሳቸውም «ዊልኮ» አሉ። ልጃቸው ኣሪያም እጇ ሳሙና እንደሆነ ሮጣ መጣች፤ ተላቀስን። በዚያው ሳምንት «ውሃ» አሉ፤ ስሟንም ጠሩ።

፪. እነዚያን ሦስት ሳጥኖች ከሌላ ቃል ጋር በማይገናኙበት ጥግ ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን፤ የሚመሰክርብዎ አንድም ፊደል እንዳይኖር ማሰብዎ ጥበብ ነው።

፫. በሳምንቱ መልሱን «ሮጀር» ብለው አተሙ። እኔ ሞኟም «አቦይ፣ ተሳስተዋል እኮ» ብዬ ዓይናቸው እያየ «ዊልኮ»ን ሰረዝኩባቸው። እሳቸውም የያዙትን እስክሪብቶ ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ዝም። በኋላ ኣሪያም የምታውቀውን አብራሪ ብንጠይቅ፣ ሮጀር «ሰምቻለሁ» ብቻ ነው፤ እፈጽማለሁ የሚል ሰው ዊልኮ ነው የሚለው አለን። ይቅርታ ብጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩ። መጽሔት ከፈረደባቸው በኋላ የጎረቤት ቃል ምን ያደርጋል!

፬. ስደውልልዎ «አያልዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ለማረሚያ ቦታም የለን» ብለውኛል። ለሁለት መስመር የጠበበው ገጽ ፎቶግራፍዎን ከነክራባትዎ ችሎ መሸከሙን ሳይ ለገጹ አዘንኩ።

ጌታዬ፣ ቀልዱ እዚህ ይብቃኝና ልለምንዎ። ሐኪማቸው አንደበት ካልተፍታታ ይቆለፋል ብሏል። ኣሪያም «ፕሊስ አያልዬ፣ አባዬን ሁለተኛ ጊዜ አጣሁት እኮ» ትለኛለች። በፎቶዎ ቦታ፣ በትልቅ ፊደል፣ «አቦይ ዑቅባማርያም ትክክል ነበሩ» ብለው ያትሙልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እገባለሁ፤ ቢናገሩም፣ ዝም ቢሉም፣ የሆነውን ሳልቀንስ ገጽ ስምንት ላይ እጽፈዋለሁ።

የዕውቀትዎ ጥላ ከራሳችን እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ፤
አያልነሽ፣ ከኢምባካሲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚቀጥለው ጨዋታ ርዕስ ሕክምና ነው ሲባል ሰማሁ። እባክዎ ሐኪም ይጠይቁ፤ የታተመውን እያመንን የምንውጥ ሰዎች ነን።