ለሠርግህ የሠራሁት ግልድም

ኦቾሎ
የካቲት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሶፎንያስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። የስኮትላንድ ብርድ እንዴት አደረገህ? እኛ ከኔ ጉልበት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። እህትህ ልክነሽ በገና ሰሞን ሁለተኛ ልጇን በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት፣ አፍንጫዋ ያንተው ነው፣ እግዜር ይርዳት። እንሰቱም ደህና ነው። አክስትህ ወለቴ እንደምታውቃት ናት፤ ሰው ሳይጠይቃት ትመልሳለች።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

ፎቶው ከደብዳቤህ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው የደረሰው። ጣጣውን ያመጣው ይኼው ነው። አስተማሪህ መምህር ዘካሪያስ በፖስታ ሣጥኑ ሲደርሰው፣ ለገበያ በወረደ ጎረቤት እጅ ላከልኝ። ስከፍተው ወለቴ አጠገቤ ነበረች። ከላይ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ጥቁር ኮት። ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ዳማ ዳማ የሆነ፣ የተጣጠፈ፣ ጉልበት ላይ የቀረ ጉርድ ቀሚስ! ከፊት ለፊትህ ደግሞ ጠጉራም ነገር ተንጠልጥሏል። ከጀርባው የጻፍከው "ለአባባ፣ ከሞራግ ወንድም ሠርግ ላይ" የሚል ብቻ ነው። ሞራግ ሰው ትሁን አገር በምን እንወቅ?

ወለቴ ፎቶውን ነጠቀችኝ።

"ወንድሜ፣ ይኼ ልጅ ተቸግሯል" አለች። "ኮቱን ሰጥተውት ሱሪውን ከልክለውታል። የሴት ጉርድ አልብሰው አቁመውታል። ይኼ ጠጉራሙስ ምንድነው? ድመት ነው?"

"ቦርሳ ይመስለኛል" አልኳት።

"በዚያ ብርድ! በባዶ ጭኑ!" ብላ አለቀሰች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሲቀላ ከተማ ወርዳ ከልባሽ ሻጮች ቡናማ ሱሪ ገዝታልህ መጣች። ሁለት ሶፎንያስ ይገባበታል። እኔ ግን አላለቀስኩም፣ ሱሪም አልገዛሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ አፈርኩብህ። ፎቶውን ከሳጥኔ ሥር ከተትኩት። ሰው "ልጅህ ፎቶ አልላከም ወይ?" ሲለኝ "አልላከም" እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አልኩ። ይህን ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከጥምቀት በኋላ መምህር ዘካሪያስ ደብዳቤህን ይዞ ራሱ ዳገቱን ወጣ። በተመረቅክበት ኢንስቲትዩት እንዳንተ ያለ ተማሪ አላስተማርኩም ይላል፤ ምናልባት ለአባት ሁሉ እንዲሁ ይል ይሆናል። ወለቴ ሱሪውን አውጥታ "መምህር፣ ይቺ በቶሎ የምትደርስበትን መንገድ ፈልግልን" ስትለው ነገሩ ገባውና እስኪያንቀው ሳቀ። ለካ እሱም እዚያው አገር ተምሯል።

"እማማ ወለቴ፣ ይኼኮ የክብር ልብሳቸው ነው" አላት። "ኪልት ይሉታል። ወንዶቹ ለሠርግ፣ ለበዓል፣ ለትልቅ ጉዳይ የሚለብሱት ነው። ለነሱ ሙሉ ልብስ ማለት ይኼ ነው። ሽማግሌውም ሙሽራውም ይለብሰዋል።"

"ሙሽራውም?"

"ሙሽራውም።"

"ሙሽሪትስ ታዲያ ምን ልትለብስ ነው? ሱሪ?"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "ጋሽ ካሱ፣ የእርስዎ አባት ለእርቅ ወደ ዱቡሻ ሲወጡ ምን ነበር የሚለብሱት?" አለኝ። መልሱን ያውቀዋል።

አያትህን አልደረስክባቸውም። እግራቸው ሱሪ የሚባል ውስጥ ሳይገባ ነው የሞቱት። ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ወደ ዱቡሻው ሲወጡ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ነጭ ግልድም ያገለድማሉ፤ ጥለቱ ከጉልበታቸው ዝቅ ይላል። በላዩ ቡልኮ ይደርባሉ፣ ዘንጋቸውን ይይዛሉ። ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላቸው ነበር። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ ያንን ጥለት አይ ነበር። ኋላ ሽሮ ሜዳ ስንት ዓመት ሸማ ስሠራ ሱሪ ለብሻለሁ፤ ፊደልም የቆጠርኩት እዚያው ከአንድ ቄስ ዘንድ ነው። አገሬ ስመለስ ግን ለትልቅ ቀን የማውቀው ልብስ ያው የአባቴ ልብስ ነው።

አንተም ታውቀው ነበር። ልጅ ሳለህ ወደ ቆላው ላንቴ ስንወርድ፣ ገደሉ ጋ ስንደርስ የግልድሜን ጫፍ ጭብጥ አድርገህ ትይዛለህ። አባያን ቁልቁል እያየህ "አባባ፣ ሐይቁ ይስበኛል" ትለኛለህ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ራስህን እሱው ሥር ትደብቃለህ። እናትህ በር ላይ ተቀምጣ እየፈተለች "የአባትህን ጥለት ዘረጠጥከው እኮ!" ትልሃለች፣ ትስቃለች። እንዝርቷ ሲሾር አሁን ድረስ ይሰማኛል። ያ ጊዜ በጣም ይናፍቀኛል፣ ልጄ። ቤቱ ዝም ብሏል።

የምረቃህን ቀን ግን እስከ ዛሬ አንስተነው አናውቅም። እንግዲህ ላንሳው።

ለዚያች ለ1984ቷ ሐምሌ ብዬ አዲስ ግልድም ሠራሁ። የጥለቱን ቀለም የመረጠችው እናትህ ሻሺቱ ናት፤ እሷ ስለታመመች መውረድ አልቻለችም። እሱን አገልድሜ፣ ከላንቴ አንድ ዘለላ ሙዝ ይዤ መጣሁ። የኢንስቲትዩቱ በር ላይ ጥቁሩን ጋዋን ለብሰህ ከጓደኞችህ ጋር ቆመህ አየሁህ። አንተም አየኸኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ግልድሜን፣ ቀጥሎ ጓደኞችህን አየህ። አንደኛው "ሶፊ፣ ሰውዬው ማናቸው?" አለህ።

"የሀገሬ ሰው ናቸው" አልከው።

ሙዙን ሰጠሁህ፣ እንኳን ደስ ያለህ አልኩህ፣ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ አልገባሁም። ሲቀላ መናኸሪያው ጥግ ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ፤ ቶሎ ብመለስ እናትህ ትጠረጥራለችና።

ለእሷ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ አልኳት። ጓደኞቹ ልብሴን እየዳበሱ "ይኼን የመሰለ ማን ሠራው?" ሲሉት "አባቴ ነው" ብሎ መለሰ አልኳት። ደግማ ደጋግማ አስወራችኝ። ከዚያማ ለጎረቤቱ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ላገኘችው ሁሉ አወራችው። በ1986 መጋቢት አልጋ ላይ ሆና እንኳ ለልክነሽ ስትነግራት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዚሁ እንደተደሰተች ነው ያረፈችው። ስለዚህ ስትመጣ ሰው ያንን ቀን ቢያወራልህ፣ አደራህን፣ እንዳታፈርስባት።

እኔ ግን ተቀይሜህ ነበር። ግልድሙን ከሳጥን ሥር ከተትኩት፣ ሁለተኛ አልለበስኩትም። የምጽፍልህ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ እንሰት ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ፎቶህንስ የደበቅኩት የት ይመስልሃል? እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ እዚያው ግልድም ላይ። መምህር ዘካሪያስ ከሄደ በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው ራሴን ታዘብኩት። አንተ በለበስኩት ልብስ አፍረህ ደቂቃ ካድከኝ፤ እኔ በለበስከው ልብስ አፍሬ ሦስት ሳምንት ካድኩህ። ከእንግዲህ የምቀየምበት አፍ የለኝም።

ደብዳቤህን የዚያኑ ቀን ደግሜ አነበብኩት። "አባባ፣ ሰኔ ውስጥ ሞራግን አገባለሁ። አባቷም ወንድሞቿም ኪልት ነው የሚለብሱት። ለእኔም ሊያውሱኝ ነበር፣ የራሴ አለኝ አልኳቸው። ለምረቃዬ የለበስከውን ግልድም ላክልኝ" ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግኩበት፣ የለም። ሦስት ጊዜ ፈለግኩ። ሳታነሳው የኖርከውን ቀን አንተው እንዳነሳኸው የገባኝ በአራተኛው ነው። ከዚያ በኋላ አልፈለግኩም።

ግን ጉድ ሆንን። ግልድሙን ብዘረጋው አይጥ ወገቡ ላይ ልጆቿን አሳድጋበታለች። ጥለቱ ብቻ ነው የተረፈው።

ስለዚህ አዲስ ሠራሁልህ። ጉልበቴ ከሽመናው ጉድጓድ ስወጣ ይጮሃል እንጂ እጄ ገና አልረሳም። ድሩም ማጉም የእናትህ ፈትል ነው፣ የመጨረሻ የፈተለችው። ለአንድ ጉዳይ ብዬ አስቀምጬው ነበር። ወለቴ ድሩን ሳደራ ደረሰችብኝና ክው አለች።

"ወንድሜ፣ ይኼ ፈትል ለዚያ ቀን የተቀመጠ አይደለም ወይ? በኋላ አንተን በምን ልንሸፍንህ ነው?"

"ያን ጊዜ አይበርደኝም" አልኳት።

"እንግዲያው በዚህ ሱሪ ነው የምንቀብርህ!" ብላ ቡናማውን ሱሪ ወረወረችብኝ። እስከ ማግስቱም አላናገረችኝም። ሱሪው አብሮ ተልኮልሃል፤ ለብሰህ ፎቶ ላክልኝ ብላሃለች።

የግልድሙ ጥለት ሻሺቱ የመረጠችው ነው፣ ከአሮጌው ላይ አይቼ ነው የደገምኩት። ጠርዙ ላይ ብቻ ከፎቶህ ላይ ዳማውን በትንሹ አስገባሁበት፣ ለአማቶችህ አክብሮት። በሙቅ ውኃ እንዳታጥበው። ስታገለድም ጥለቱ ወደ ፊት ይዋል፣ ወገብህ ላይ ጠበቅ አድርገው፤ እዚያ አገር ነፋስ አለ ብሎኛል መምህር ዘካሪያስ። ፎቶህም አሁን ሳጥን ውስጥ አይደለም። በመስታወት አስገብቼ በሩን እንዳለፍክ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የክብር ልብሱ ነው እላለሁ።

ሞራግን ሳምልኝ። ስሟን እየተለማመድኩ ነው። ለወላጆቿም ሰላምታዬን አድርስ፤ ልጃቸውን ለቤታችን ስለሰጡ እግዜር ይስጥልን በልልኝ። ትዳራችሁ እንደ ጥሩ ድር የጠበቀ ይሁን። ውለዱ፣ ክበዱ፤ ልጆቻችሁም የልብሳችሁን ጫፍ ይዘው ዳገት ቁልቁለቱን ይውጡ ይውረዱ። የእናትህ ጸሎት ከፊትህ ይቅደም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሠርጉ ላይ ልብስህን አይቶ ማን እንደሠራው የሚጠይቅህ አይጠፋም። ያን ጊዜ የሀገሬ ሰው ነው እንዳትል።

አባትህ
ካሱ