ምርቃት የከለከልናት ሲስተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት

ሦስተኛው በርሜል እየፈላ ነው። ብርድ ልብስ አሥራ አራት፣ አንሶላውን አልቆጠርኩም። ጭሱ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ ደብተሬ።

እከክ ነው የገባብን። ያገኘሁትም እኔ ነኝ፣ ይጻፍልኝ! ዓርብ የኦቦ ዲንሳን አንሶላ ሳራግፍ የደም ነጠብጣብ አየሁ። ጥቃቅን፣ የማከክ ደም። ቅዳሜ ጎናቸው ያለው አልጋ ላይም ያው። ሮጬ ለሲ/ር ሌንሴ ነገርኳት። ሌላዋ ብትሆን እናየዋለን ብላ ወደ በርሜሌ ትመልሰኝ ነበር። ይቺ ጓንቷን አጥልቃ መጣች። የሽማግሌውን ጣቶች አንድ በአንድ እየፈለቀቀች አየች። ከዛ ዞር ብላ "እትዬ ጽጌ፣ ዓይንሽ ይባረክ" አለችኝ። በሰው ፊት! በዚህ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አንድ ዓመት ሳጥብ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ዛሬ ሁሉም ቅባት ይቀባል። ያከከውም ያላከከውም፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር፣ በአንድ ቀን። አንድ ሰው ከቀረ ልፋታችን ገደል ገባ ትላለች። በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ድጋሚ። እኔም ተቀባሁ። ሽታዬን ለጠላቴ አልመኝም።

ረቡዕ፣ 12። ከምሳ በኋላ

እጄ ተላጠ። ግን ደስ ብሎኛል። ኦቦ ዲንሳ ሳያኩ አደሩ። ጠዋት ሲያዩኝ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዛ ጥፍሩ እንደሚታይ ተማሪ ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሳቄ መጣ። ሳምኩላቸው፣ ከዛ ሄጄ ታጠብኩ። ሲ/ር ታየኛለቻ።

የእኚህን ሰው ነገር ልንገርህ። ጉቶ ጊዳ ወረዳ በቆሎ ሲያርሱ ኖሩ። አሁን ጉልበቱ የለም፣ ሥራቸው መመረቅ ነው። ሲመርቁ ደግሞ እንደ ደንቡ ቱፍ ቱፍ ይላሉ፣ ግንባርህ ላይ። ሲ/ር ሌንሴ ሥራዋ በሽታ ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ መጠበቅ ነው። ልክ ስትመጣ ይቺን ምራቅ ከለከለች። ጦርነት ሆነ! ኦቦ ዲንሳ ምራቅ የሌለው ምርቃት ደመና ብቻ ነው፣ ዝናብ የለውም ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። በመጨረሻ ታረቁ። የጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቱፍ ይላሉ፣ ከዛ ጫፉን ወደ ሰውዬው ያወዛውዛሉ። ሁለቱም አሸነፍን አሉ። ጋቢውን የምታጥበው ማን ናት? እሷን የጠየቃት የለም።

ዓርብ፣ 14

ተቃጠልኩ ደብተሬ።

ሲ/ር ዕቃ ቤት ገብታ ስልክ ስታወራ ሰማሁ። በኦሮምኛ ነው፣ ግን እኔ እዚሁ ነቀምት ተወልጄ ኦሮምኛ ይደበቅብኛል? አባቴ ከጎጃም ቢመጣ፣ እኔ የመጣሁት ከዚህ ሰፈር ነው። ደምቢ ዶሎ ያለ ሆስፒታል ይፈልጋታል። ገና አልወሰንኩም፣ እስከ ሐሙስ ጊዜ ስጡኝ አለች።

አምስተኛዋ ናት። አምስተኛ! የመጀመሪያዋ ሆስፒታል ገባች። ሁለተኛዋ አግብታ ሻምቡ ሄደች። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ። የሁሉንም ነገር መዝገብ በስልኳ ይዛ፣ ስልኩ ከእሷ ጋር ሄደ። አራተኛዋ ለትምህርት ብላ አንድ ዓርብ ከሰዓት ደህና ሁኑ አለች፣ በቃ። ለማን አስረከበች? ለግድግዳው። አራት ወር ያለ ሲስተር ቆየን። ያኔ ነው ተቅማጡ የገባው። አንሶላው ላይ ቀድሜ አየሁ። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት፣ አዲሷ ስትቀጠር ታየዋለች አለኝ። አጣቢ ናት፣ ምን ታውቃለች! አዴ ብርቄን ቀበርን። ፀጉሬን የሚጎነጉኑልኝ አዴ ብርቄን። አንሶላቸውን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

አሁንም ያው ሊሆን ነው። እከኩ ገና አልወጣልንም። አይሆንም።

እሑድ፣ 16። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ነገሩ ቁርባን ላይ ተገለጠልኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እያንዳንዷን ሲስተር ኦቦ ዲንሳ ምን ብለው ነው የመረቋት? "ጉዳዱ!" እደጊ፣ ከፍ በዪ። ከፍ አሉና ሄዱ! አራቱም! የሰውየው ምርቃት መሬት ጠብ አይልም።

በቀጥታ አልጋቸው ላይ ሄድኩ። አባባ፣ ሌንሴን አይመርቁብኝ አልኳቸው። ሰው እንዴት አይመረቅም ብለው ተቆጡ። በጣቴ ቆጠርኩላቸው፣ ይቺን መረቁ፣ ሄደች፣ ያቺን መረቁ፣ ሄደች። አራተኛዋ ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። ያባረርኳቸው እኔ ነኝ? አሉ፣ ቀስ ብለው። አንጀቴን በሉት። ግን አልመለስኩም። ክፍሉ ሁሉ ሰማ፣ ክፍሉ ሁሉ ተስማማ። ተባረኪ የሚላት አይኖርም። እስከ ሐሙስ ብቻ።

ማክሰኞ፣ 18

ይሠራል!

ሲ/ር የኦቦ ዲንሳን የእግር ቁስል አጥባ ጠቀለለች። ጨርሳ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ትንሽ ቆየች። ጋቢው አልተነሳም። ሽማግሌው በመስኮት በኩል ባጃጅ ሲቆጥሩ ነበር። "አበቃ?" አሉ ብቻ። እሷም አዎ አባባ አለች፣ ዕቃዋን ሰብስባ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። እዛም ዝም። ሦስተኛውም ዝም። ሠላሳ ሰው እንዲህ አንድ ቃል ሲሆን አይቼ አላውቅም፣ ለምግብ እንኳን ተስማምተው አያውቁም።

ኮራሁ። መንግሥት የገለበጥኩ ነው የመሰለኝ።

ማታ ወደ ቤቷ፣ የጉቴ ከተማን ሚኒባስ ልትይዝ ስትወጣ ቻው አላለችኝም። ረስታ ይሆናል።

ሐሙስ፣ 20። ከሰዓት

ምን አደረግሁ።

ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ባልዲ ላይ ተቀምጣ በረኪናውን ስትለካ፣ እትዬ ጽጌ፣ እሺ አልኳቸው አለችኝ። ማንን? ሆስፒታሉን። ሳትወስን እንደነበር እሷው ነገረችኝ። እናቷ ጉቴ ከተማ ብቻዋን ናት፣ እነዚህን ሽማግሌዎችም ትወዳቸዋለች። ግን እነሱ ጠልተውኛል አለች። ምራቁን ከለከልኳቸው፣ ራቁታቸውን አስቁሜ ሽታ ቀባኋቸው፣ ቂም ያዙ። እግር አጥቦ ተባረኪ ያልተባለ ሰው በዛ ቤት ምን ይሠራል አለች።

እኔ ጽጌ፣ የቀበሌን ሙሉ ስብሰባ አፍ ያስያዝኩ፣ ያው በረኪናውን አቀበልኳት።

እንዳትሄድ ብዬ በእጄ ገፋኋት። በኦቦ ዲንሳ ምርቃት የሄደ የለም ማለት ነው። ያባረርኳት እኔ ነኝ እንጂ።

ቅዳሜ፣ 22

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳልቀንስ። መጀመሪያ ሳቀች፣ ግድግዳ ይዛ። ከዛ አለቀሰች። ከዛ ተቆጣች፣ መጥታ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት ብላ ጮኸችብኝ። ልክ ናት። ለአሥራ አንድ ዓመት እኔን የጠየቀኝ የለም ብዬ ሳላዝን፣ እኔም ሰው መጠየቅ ረስቻለሁ።

ቅሪ ልላት አፌን ከፈትኩ። አላስጨረሰችኝም። ምርቃቱ ባይቀርም እሄድ ይሆናል እትዬ አለች። እዚህ የሠራችው ጊዜ ሌላ ቦታ እንደ ልምድ አይቆጠርላትም። መርፌውም ቁስሉም ሪፖርቱም በእሷ አንገት ነው። የበሽታ መከላከሉን ጉዳይ የምትሠራው በተረፋት ሰዓት ነው፣ የተረፋት ሰዓት ደግሞ የለም። ስትታመም የሚተካት የለም። ለዚህ ነው ሁሉም የሚሄዱት አለች፣ ክፉ ሆነው አይደለም። ያቺን ስልኳን ይዛ የሄደችውን ስሰድብ የኖርኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ቃሏን ሰጥታለች። ኅዳር 1 ከሰዓት ትሄዳለች።

ለኦቦ ዲንሳም ነገርኳቸው። ከዛ በገመድ የሚያዝ ከብት ነው፣ ሰው በገመድ አይያዝም አሉኝ። ደግሞም፣ አንቺስ እኔን ሞኙን እንዳልመርቅ የያዝሽኝ በምን ገመድ ነው! ብለው በዱላቸው እግሬን ነካ አደረጉኝ። ይቅር አሉኝ ማለት ነው። መሰለኝ።

ሰኞ፣ 24

ሁለተኛው ቅባት። ሲ/ር ዛሬ አንቺ ምሪው፣ እኔ ቆሜ ልይሽ አለችኝ። ስም እየጠራሁ፣ አልጋ በአልጋ። የማይታጠበውን ትራስ በላስቲክ ከረጢት አስሬ ቀን ጻፍኩበት። ሁሉም ያልኩትን አደረገ። ጨረስኩ ብዬ ስኩራራ የረሳሽው አለ አለችኝ። ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ አጣሁት። ወደ ኦቦ ዲንሳ ትራስ አገጯን ቀሰረች።

ጋቢው! ከትራሱ ሥር፣ ተጣጥፎ። ከዛች እሑድ ጀምሮ ምርቃት ስለቀረ ደብቀውት ነው። ለምን ልልበሰው፣ ሥራ ፈት ጋቢ ነው አሉ። የመጀመሪያው ቅባት ቀን ታጥቦ ነበር፣ ቢሆንም ከእከክ ጋር ሳምንት ያደረ ጨርቅ ነው። አቅፌ ወስጄ ቀቀልኩት። ጭሱ ነው ዓይኔን ያስነባው ደብተሬ፣ ሌላ ነገር አይደለም።

ረቡዕ፣ 26

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ሳልጠራ። ሽርጤን እንኳን ሳልፈታ።

የሲ/ርን መዝገብ ለእኔ ያስረክቡኝ አልኩት። የበረኪናውን ቁም ሣጥን ቁልፍም። አዲስ ሲስተር እስክትመጣ፣ መጥታም ስትሄድ፣ ቀጥሎ ሌላዋ ስትመጣ፣ መዝገቡ ከዚህ ግቢ አይወጣም። አንሶላ ላይ ያየሁትን እጽፋለሁ። ቀን፣ አልጋ፣ ምን እንዳየሁ። ሁለት ሰው ላይ አንድ ዓይነት ነገር ካየሁ ጤና ጣቢያ እደውላለሁ፣ ማንንም አላስፈቅድም። መርፌ አልወጋም፣ መድኃኒት አላዝም፣ ድርሻዬን አውቃለሁ።

ወረቀት የለሽም አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ነሽ አለኝ።

"ወረቀት ያላቸው አምስቱ ሄዱብዎት" አልኩት። "ያለችው ማን ናት?"

ብዕሩን አገላበጠ። የአዴ ብርቄን ስም አነሳሁበት። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም። እሺ፣ ለጊዜው አለ። ለጊዜው! አጣቢነት ስገባም ለጊዜው ነበር ያለኝ።

ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 1። ምሳ ሰዓት

ሄደች እንዳልል ገና በር ላይ ናት፣ ሚኒባሱ አልሞላም። ቶሎ ልጻፍ።

ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ተቀምጠው ጠበቋት። የሚያክ የለም። ኦቦ ዲንሳ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ነጭ፣ እኔ ያጠብኩት። ሲ/ር ተንበረከከች። ጫፉን አነሱ፣ ቱፍ አሉበት፣ አወዛወዙት። "ጉዳዱ፣ ኢንታላ ኮ። ጉዳዱ።" አሜን አልን፣ ሠላሳ አፍ። የስንት ቀን ዕዳ ነበረ፣ አሜኑ አላልቅ አለ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ንፍጤን እጠርጋለሁ፣ በመሐረብ፣ በክንዴ አይደለም፣ ተምሬያለሁ።

አልቆ ባልዲዬን ላነሳ ጎንበስ ስል፣ አንቺ ወዴት? አሉኝ።

ውሃው ይፈላል አባባ።

ይፍላ። ነዪ።

ምን ልበልህ ደብተሬ። አሥራ አንድ ዓመት እዛ ክፍል ስገባ ስወጣ ማንም መርቆኝ አያውቅም። ምርቃት መጥቶ ለሚሄድ ሰው ነው፣ እኔ የትም አልሄድኩም። ቅር ይለኝ ነበር፣ ተናግሬው አላውቅም፣ ለአንተም ጽፌው አላውቅም። ተንበረከክኩ። ጋቢውን ሲያነሱ ጠበቅኩ። አላነሱትም። ወደ ሲ/ር ዞረው በዓይናቸው ጠየቋት። ሲ/ር ሌንሴ፣ ያቺ ምራቅ የከለከለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀለሙ የረገፈበትን ቦታ አጥብቃ ታያለች።

ግንባሬ ላይ ነው። እንደ ድሮው። ቱፍ፣ ቱፍ።

"ጂራዱ" አሉኝ። ኑሪ። ኑሪልን።

ስነሳ ሲ/ር ከኪሷ የእጅ ማጽጃ አልኮሏን አውጥታ፣ ሳታየኝ፣ ዘረጋችልኝ። እኔም ሳላያት ተቀበልኳት። ኪሴ ከተትኩት። ግንባሬን ግን እስከ ማታ አልነካውም፣ ይኼንን ወስኛለሁ። ነገ መዝገቡ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ጥፋት ጥፋት ነው። ቀን፣ አልጋ፣ ምን እንዳየሁ

ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋ። ልሸኛት