የእማማ ሲራ ደወል

ውድ ዴምባ፣
ድምፄን ልሰጥ ባሴ ደርሻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የገዛን ሰውዬ ከአገር ከሸሸ ወዲህ የመጀመሪያው የምክር ቤት ምርጫ ዛሬ ነበር። ድምፅ የምንሰጥበት ብይ በፓርቲው በርሜል ውስጥ ሲወድቅ ከሚጮኸው ደወል ጋር ቃጭሉ እንዳይምታታ፣ ብስክሌት ሁሉ እንደ ባንጁል እቤት ውሏል። ጸጥታው ግን ከእኛ ከተማ ይብሳል።

ልጃቸው እስር ቤት የሞተባቸው እማማ ሲራ ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። «የየፓርቲው በርሜል ደወሉ ይለያል፤ ውጭ ሆነን እንሰማለን» ብሎ የሰውዬው የሰፈር ካድሬ ስላስፈራራቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ብያቸውን የጣሉት የሰውዬው በርሜል ውስጥ ነው። ዛሬ ብያቸውን ይዘው ከመጋረጃው ኋላ ገቡ። በሰዓቴ አራት ደቂቃ አለፈ፤ ደወል የለም።

«እማማ፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ዝም በል አንተ! ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅኩ ሴትዮ አራት ደቂቃ ይብዛብኝ?»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ደወሉ አንዴ ጮኸ።

እማማ ዓይናቸው ፈጦ ወጡ። «መምህር፣ የሌላኛውም በርሜል ድምፁ ያው ነው እኮ!»

የሳቀ የለም። እኔም ብይ ተቀብዬ ተራዬን ገባሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ሚስትህን ቢንታን ሳምልኝ። እሷም ያንን ደወል ትፈራ ነበርና፣ ድምፁ ያው እንደሆነ ንገራት።

መምህር ሱሌይማን